ግለ ታሪክ ፈላጊ ደሴ ከወጣ

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። በሌሊት ፈረቃ ማሽን ካልቆመ ሥራዬ ማንበብ ነው፤ ከልቦለድ ይልቅ ደግሞ ግለ ታሪክ ይጥመኛል። እረፍት ስሆን ሚኒባስ ይዤ ደሴ እወጣለሁ። ፒያሳ አካባቢ ያለው ይህ የአሮጌ መጻሕፍት ቤት ማስታወቂያ የለውም፤ ከፎቶ ቤቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ደረጃ ውጡ።

ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጽሐፍ ስትጠይቋቸው ዋጋ አይነግሯችሁም፤ "ለምን ፈለግኸው?" ይላሉ። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን "ትግላችን" ብዬ ስገባ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን "እኛና አብዮቱ" ደርበው አወጡልኝ። አንዱ የደርግ ሊቀ መንበር፣ ሌላው ዋና ጸሐፊ፣ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር። ከወዲያኛው ወገን ደግሞ የኢሕአፓውን የክፍሉ ታደሰን "ያ ትውልድ" ጨመሩበት። "በአንድ ምስክር አይፈረድም" አሉኝ። ነጋዴ ስለሆኑ ነው እንዳትሉ፣ ሦስተኛውን በኪራይ ነው የሰጡኝ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን "ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ" ስወስድም "አብሽር፣ አማርኛው አይክበድህ፤ ከጦርነቱ ጀምር" ብለውኛል። ልክ ነበሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ ንጉሡ እዚሁ ከተማችን ነበሩ፤ የደሴ ሰው ያንን ዘመን ዝም ብሎ አያልፈውም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ ውስጥ ንጉሡን እንጂ ሰውየውን ብዙም አላገኘሁም። ሐረር አብሯቸው ያደገው፣ በሽሬ ግንባር የተዋጋው፣ ኋላም ጣሊያን ፖንዛ ደሴት ላይ ያሰረው የራስ እምሩ "ካየሁትና ከማስታውሰው" ለኔ ይበልጥብኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላነበበ አንዱንም አነበብኩ አይበል።

ሌላው ጥሩ ነገር፣ ጋሼ መጽሐፉን ሳይፈትሹ አይሰጡም። አውራ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ የገጽ ቁጥሩን ይከተላሉ። ከመንገድ የገዛሁት አንድ መጽሐፍ ከ112 ቀጥታ ወደ 129 ይዘላል፤ መሐሉ ላይ ዐሥራ ስድስት ገጽ ሙሉ የለም። ሻጩን የት አገኘዋለሁ?

ችግር የለም ማለቴ አይደለም። ፎቶ ኮፒውንም ዋናውንም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ይህ አልተዋጠልኝም። ፎቶዎቹ ጠቁረው የማን ፊት እንደሆነ አይለይም፤ የግለ ታሪክ ግማሽ ጣዕሙ ደግሞ ፎቶው ነው። የሴት፣ የነጋዴ፣ የወዛደር ትዝታ ስጠይቅ የሚያወጡት የለም። መደርደሪያው ሹማምንትና መኮንን ብቻ ነው። በዚህስ ጋሼን አልወቅስም፤ እምብዛም ካልተጻፈ ከየት ያምጡ?

ለኪራይ የመጽሐፉን ሙሉ ዋጋ ማስያዣ ይጠይቃሉ፣ መጽሐፉን ስትመልሱ ገንዘባችሁን ሳይጓደል ይሰጧችኋል። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ከሰዓት ሂዱ። መከራከር የሚወድ ሰው ደግሞ ሌላ ቀጠሮ በሌለው ቀን ቢሄድ ይሻለዋል።