የሆራቲዎች መሐላ ወይስ የሶቅራጥስ ሞት?

የዘይት ቀለም ለመልመድ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የዣክ-ሉዊ ዳቪድን ሥራ እያዩ መሳል አሪፍ ዘዴ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ለምንለማመድ ጀማሪዎች ሁለት ሥዕሎቹን ላወዳድር፦ ሦስት የሮማ ወንድማማቾች ለአባታቸው ሲምሉ የሚያሳየውን «የሆራቲዎች መሐላ»ንና «የሶቅራጥስ ሞት»ን። የመጀመሪያው በ1784፣ ሁለተኛው በ1787 የተሳለ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ።

መሐላው ለንድፍ ይቀላል። ከኋላ ሦስት ቅስት፣ ከፊት የተዘረጉ ክንዶች፤ ዓይን የሚሄደው ሰይፎቹን ወደያዘው አባት እጅ ነው። ግን ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለው ሥዕል ከ4 ሜትር በላይ ይሰፋል። ኤ4 ላይ ሲታተም የሴቶቹ ፊት ጥፍር ያክላል።

ሶቅራጥስ ሰው ይበዛበታል። እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጥርት ያለውን ምስል በነፃ ለቆታል። አውርዶ ፒያሳ ማተሚያ ቤት መውሰድ ነው። ሙሉውን መሳል ደግሞ ማን ግድ አለ? ወደ መርዙ ጽዋ የተዘረጋው የሶቅራጥስ ቀኝ እጅ ብቻ ይበቃል። ሊጨብጥ ተቃርቧል፣ ግን አልነካም። ጽዋውን የሚሰጠው ወጣት ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ሸፍኗል። መጀመሪያ የእጁን ብርሃንና ጥላ ከአፈር በሚሠራው ቡኒ ቀለም፣ በአምበር (umber)፣ አውጡ፤ ማንጋኒዝ ስላለበት ቶሎ ይደርቃል። የወጣቱ ቀይ ልብስ ግን፣ በተለይ በክረምት፣ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ልጆች ካሉ ሸራውን እስኪደርቅ ሳሎን አታቁሙት።