አንድ ቢሊየን ቀለም ወይስ 16 ሚሊየን? ያገለገለ ሞኒተር ለምትገዙ

የሠርግ አልበም የሚሠሩ ጓደኞቼ ሰሞኑን ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ሻጩ ይሄኛው 16 ሚሊየን፣ ያኛው አንድ ቢሊየን ቀለም ያወጣል አለኝ። ልዩነቱ 4 ሺህ ብር ነው፤ ልጨምር?» አትጨምሩ። እኔ ጨምሬ አይቼዋለሁ።

ብዙ ጊዜ የሚያወዳድሩት ሁለት ባለ 24 ኢንች ዴሎችን ነው፤ ዩ2410ን እና ዩ2412ኤምን። በወረቀት የመጀመሪያው ይበልጣል። ፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው ክፍል) ባለ 8 ቢት ነው (ቢቱ ሲበዛ የቀለሙ ብዛት ይጨምራል)፣ ተቀራራቢ ቀለሞችን በፍጥነት እያፈራረቀ 1.07 ቢሊየን ይደርሳል። ሁለተኛው ባለ 6 ቢት ነው። በራሱ የሚያወጣው 262,144 ቀለም ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ዘዴ ዓይናችንን አታሎ 16.7 ሚሊየን ይሞላል።

ግን ቢሊየኑ የዲስፕሌይ ፖርት ገመድ፣ 10 ቢት የሚያወጣ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድና ፕሮግራም ይፈልጋል። እኛ አገር ከሞኒተሩ ጋር የሚሰጣችሁ ዲቪአይ የሚባለው የቆየ ገመድ ነው፣ ሲብስ ከሱም የቆየው ቪጂኤ። የከፈላችሁበት ቀለም ገመዱ ላይ ይቀራል።

ዋናው ጣጣ ግን የስክሪኑ የኋላ መብራት ነው። እንደ ዩ2410 ያሉ ሰፊ ቀለም ያላቸው የድሮ ስክሪኖች ከኋላ የሚያበራቸው እንደ ፍሎረሰንት ያለ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ሲያረጅ ይደበዝዛል፣ ወደ ቢጫም ያደላል። እኔ በ11,500 ብር የገዛሁት (ብራንዱ ይቆየን) ላይ ነጩ ቬሎ ክሬም መሰለኝ። ሰማያዊ ጨመርኩበት። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ሙሽራዋ ውኃ ሰማያዊ ለብሳለች! ዳግም ያሳተምኩት ከኪሴ ነው። ቀጥሎ ስክሪኑ እየበራ ይጠፋ ጀመር፤ ጠጋኙ ያበጡ ካፓሲተሮች ቀይሮ 1,500 ብር ተቀበለኝ። ሦስት ወር ሳይሞላ ቱቦው ራሱ ሄደ። 13 ሺህ ብር እንዲሁ ቀለጠ።

አሁን የምሠራበት ዩ2412ኤም በ7,500 የተገዛ ነው። መብራቱ ኤልኢዲ ነው፤ ገና ሲከፈት ነጩ ነጭ ነው። ለሕትመት የሚሆን አልበም በእሱ ነው የማርመው።

ስትገዙ ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚሄድ ምስል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ጉልህ ደረጃ ደረጃ ከሠራ ተዉት። ዝቅ ብላችሁም ከታች ወደ ላይ እዩት፤ ምስሉ ከጠቆረ፣ ሽፋኑ ላይ የፈለገው ስም ቢጻፍ፣ ውስጡ ርካሽ ፓነል ነው። «16.2 ሚሊየን» ቀለም የሚል ካያችሁማ፣ እሱም የርካሽ ፓነል ምልክት ነውና፣ ዋጋም አትጠይቁ።

ዩ2412ኤምን ከ8 ሺህ በላይ አትክፈሉበት። መቆሚያው ከሌለ ደግሞ 800 ብር አስቀንሱ፤ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ሞኒተሩን ከማግኘት ይብሳል።