የእማዬን መንጋጋ ለነቀለችው ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዛሬ የምጽፈው ምስጋና ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ የምትሠራ የጥርስ ሐኪም እናቴን አክማልኛለች። ያደረገችልንን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። በተለይ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው ወላጆች ያሏችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እማዬ ስልሳዎቹን አጋምሳለች። ግፊትም ስኳርም አለባት። የታችኛው ቀኝ መንጋጋዋ ከተቦረቦረ ቆይቷል። ሲያማት ቅርንፉድ ትነክስበታለች፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ትይዝበታለች፣ ሻል ሲላት «ተወኝ» ትላለች። መንቀል የሚባል ነገር ሲነሳ ግን ፊቷ ይለዋወጣል። ልጅ እያለች አገር ቤት ያለ ማደንዘዣ በጉጠት ተነቅላለች። እነማን እጇንና እግሯን እንደያዟት እስከ ዛሬ በስም ትጠራቸዋለች። በዚያ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ «ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጎዳል» እያለ ያስፈራራታል።

በመጨረሻ ሕመሙ እንቅልፍ ከለከላት። ጉንጯን ደግፋ ቁጭ ብላ ማደር ጀመረች። መጀመሪያ የወሰድኳት ቦታ ሌላ ነበር። እዚያ ምን በሽታ እንዳለባት፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ አንድም ሰው አልጠየቃትም። ገና ወንበሩ ላይ ጋደም እንዳለች መርፌ ቀረበ። እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ፈሪ ስለሆነች አይደለም፤ ልክ ነበረች። ከዚያ በኋላ ነው የሥራ ባልደረባዬ ይህችን ዶክተር የጠቆመችኝ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። እማዬ ስትገባ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻት። ወደ ሕክምናው ወንበር አላጣደፈቻትም። ከጎኗ አስቀመጠቻትና «እማማ፣ ምን ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት? ይዘዋቸዋል?» አለቻት። እማዬ በመሐረብ የቋጠረቻቸውን ከቦርሳዋ አወጣች። ዶክተሯ አንድ በአንድ እያነሳች ስማቸውን ጻፈች። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ሁለቴ ጠየቀች። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመነቀሉ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት። በራሱ ፈቃድ ማቆም ግን የለበትም፤ መዘዙ ከጥርስ የከፋ ሊሆን ይችላል። ይህን ያስረዳችን እሷ ናት።

ከዚያ ጣቷን ወጋ አድርጋ ስኳሯን ለካች። ቀጥላ ግፊቷን። የላይኛው ከ180 አልፏል። ትንሽ አረፍ እንድትል አድርጋ፣ ስለ ልጅ ልጆቿ እያጫወተቻት ቆየችና ደግማ ለካች። አልወረደም።

«እማማ፣ ዛሬ አልነቅልልዎትም» አለቻት።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከፋኝ። እማዬን እዚያ ድረስ ማምጣት ቀላል አልነበረም። ዶክተሯ ግን ምክንያቱን አስረዳችን። የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ፣ ለነገ የማይባል ነገር ካልሆነ በስተቀር ጥርስ መንቀል ይቆያል። ፍርሃቱም ሕመሙም ግፊቱን ይበልጥ ሊሰቅለው ይችላል። ከተነቀለ በኋላም ደሙ ቶሎ አልቆም ሊል ይችላል። ስለዚህ ራጅ ብቻ አነሳቻትና ክትትል ለምታደርግበት ሐኪም ደብዳቤ ጻፈች። ለሕመሙ ፓራሲታሞል አዘዘች። እማዬ ከፋርማሲ እየገዛች የምትውጠውን አይቡፕሮፌን ግን አስቆመቻት። ለካስ አይቡፕሮፌን ግፊት ሊጨምር፣ የግፊት መድኃኒቱንም ሊያዳክም ይችላል። ስንት እናቶች ናቸው ይህን ሳያውቁ በየቀኑ የሚውጡት!

ያስከፈለችን የካርድና የራጅ ብቻ ነው። ሥራው እጇ ላይ ነበር፤ ነቅላ ሙሉውን ብትቀበል ማንም አይጠይቃትም ነበር። «ሂዱና ተመለሱ» ማለቷ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስንወጣ አንድ ነገር አስጠነቀቀችን። ስንመለስ እማዬ ቁርሷን በልታ፣ የጠዋት መድኃኒቷን ውጣ እንድትመጣ። ብዙ ሰው ለጥርስ ባዶ ሆዱን የሚሄድ ይመስለዋል። በመርፌ ቦታው ብቻ ለሚደነዝዝ ሰው ግን በልቶ መምጣት ነው የሚሻለው፤ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድማ የግድ ነው። ችግሩ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። እማዬ «ቅዳሴ ሳይወጣ እንዴት አድርጌ?» አለች። ዶክተሯ አልተከራከረቻትም። «እማማ፣ መድኃኒት ውጠው ሳይበሉ ቢመጡ ስኳርዎ ወርዶ እዚሁ ይወድቁብኛል። እስቲ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁልኝ» አለቻት። እማዬ ጠየቀች። እሳቸውም «ሕመምተኛ ነሽ፣ ብዪ» አሏት። በዚህ አነጋገሯ እማዬ ሙሉ በሙሉ አመነቻት። ከእኔ የዓመታት ልመና ይልቅ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራች።

ሐኪሟ መድኃኒቷን አስተካክሎላት ግፊቷ ሲረጋ ተመለስን። መሣሪያዎቹ በእንፋሎት ተቀቅለው ታሽገው ነበር፤ እሽጉን እኛ እያየን ቀደደችው። መርፌውም አዲስ ነበር። መጀመሪያ ድዷን የሚያደነዝዝ ቅባት ቀባቻት። ከዚያ ማደንዘዣውን በጣም ቀስ እያለች ሰጠቻት። ቁጭ ብላ ጠበቀች። «ከንፈርዎ ከበደዎት? ምላስዎስ በዚህ በኩል?» እያለች ጠየቀቻት። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፈው።

«መንካቴ ይሰማዎታል። መግፋቴም ይሰማዎታል። ሕመም ግን ሊሰማዎት አይገባም። ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፣ ወዲያው አቆማለሁ።»

እማዬ እጇን አነሳች። ዶክተሯም አቆመች። «ትንሽ ይቻሉት፣ አለቀ» አላለችም። መሣሪያውን አስቀምጣ ማደንዘዣ ጨመረች፣ እስኪሠራ ጠበቀች፣ ከእንደገና ጀመረች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ይህን ሳይ እንባዬ መጣ። ያቺ አገር ቤት አራት ሰው የያዛት ልጅ፣ እጇን ስታነሳ የሚያቆምላት ሰው አገኘች።

መንጋጋው ሁለት ሥር አለው፤ አንዱ ጠመም ያለ መሆኑ ራጁ ላይ ይታይ ነበር። በጉልበት ከመጎተት ይልቅ ለሁለት ከፍላ ነው ያወጣችው። ከመጀመሯ በፊት «አሁን የሚንቋቋ ድምፅ ይሰማዎታል፤ ጥርሱ ነው፣ አጥንትዎ አይደለም» አለቻት። ነርሷ ደግሞ የእማዬን እጅ እንደያዘች ነበር፤ እሷንም አመሰግናለሁ። ሲያልቅ እማዬ «ወጣ እንዴ?» አለች።

ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ልጄ፣ እግረ መንገድሽን ጎኑ ያለውንም ንቀይልኝ፣ ይበላኛል።» ዶክተሯ ራጁን አሳየቻት። «ይኼ ሥሩ ጤነኛ ነው እማማ፣ ይሞላል። የሚድን ጥርስ አልነቅልም» አለች። በኋላ ተሞልቶ ዛሬ ድረስ ይታኘክበታል።

ስለ ዓይኑም እማዬ ጠይቃታለች። አልሳቀችባትም። ለጥርስ የሚሄደው ነርቭና የምናይበት ነርቭ የተለያዩ ናቸው፣ ጥርስ መነቀል ዓይን አያጠፋም አለቻት። እንዲያውም የሚያሰጋው መግል የያዘን ጥርስ አፍ ውስጥ ማቆየት ነው፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ፊትና ወደ አንገት ሊሰራጭ ይችላል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና እንደሚሰጥ እዚህ ላይ ላስታውስ።

ቤት ስንገባ ምን ማድረግ እንዳለብን በአማርኛ ጽፋ ሰጥታናለች። ለሌላውም ስለሚጠቅም ዋና ዋናውን ላካፍላችሁ። ጎዙን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጥብቅ አድርጎ መንከስ። ለ24 ሰዓት አለመጉመጥመጥ፣ አለመትፋት፣ በስትሮው አለመጠጣት። ምክንያቱም ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም ነው ቁስሉን የሚሸፍነው። እሱ ከተነሳ አጥንቱ ይጋለጥና በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ገደማ ከመጀመሪያው የባሰ ሕመም ይመጣል። ማጨስም ለዚህ ያጋልጣል። ምራቅ ቀላ ማለቱ ግን አያስደነግጥም፤ ትንሽ ደም ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ብዙ ይመስላል። ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ አድርጎ ማላወስ ይቻላል። ትኩስ ነገር በመጀመሪያው ቀን ክልክል ነው፤ ቡናም ጭምር። ለእማዬ ከመነቀሉ ይልቅ የከበዳት ይኼ ሳይሆን አይቀርም። ቀዝቀዝ ባለ የአጃ አጥሚትና በሶ አሳለፍነው።

አንቲባዮቲክ አላዘዘችላትም። ጎረቤቶቻችን «እንዴት አሞክሳሲሊን ሳይሰጧት?» ብለው ተገርመዋል። ዶክተሯ ግን የተስፋፋ ኢንፌክሽን ስለሌላትና ስኳሯም የተስተካከለ ስለሆነ አያስፈልጋትም ብላ አስረድታናለች። ቁስሉም በደንብ ድኗል።

የዚያን ዕለት ማታ ስልክ ደወለች። «ደሙ ቆመ? እራት በሉ?» እማዬ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ስትመርቃት አመሸች። «የወለድሽው ይባረክ፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ» ትላት ነበር።

ዶክተሯ ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች ነው ያልጻፍኩት። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩንና አድራሻውን እልክላችኋለሁ። ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት አለው፣ እግራቸውን ለሚያማቸው አይከብድም። ዋጋውን ከመጀመራቸው በፊት በወረቀት ጽፈው ይሰጧችኋል። ስትሄዱ የወላጆቻችሁን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።