ኮተርንን ለ8 ወራት ካስተዳደርኩ በኋላ

ኮተርን የተባለውን ነፃ የማስተላለፊያ ሰርቨር ሶፍትዌር ለአንድ አነስተኛ የሥልጠና ማዕከል የቪዲዮ ትምህርት ማስተዳደር ከጀመርኩ 8 ወራት ሆነኝ። አብዛኞቹ ሠልጣኞቻችን በሞባይል ዳታ ስለሚገቡና በእንዲህ ያለው ኔትወርክ አንድን የአይፒ አድራሻ ብዙ ደንበኞች ስለሚጋሩት፣ ሁለት ስልኮች በቀጥታ መገናኘት ሲያቅታቸው ድምፁንና ምስሉን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያሻግረው ይህ ሰርቨር ነው። የሚያሻግረውን ምስል ስለማይፈታ ፕሮሰሰሩ አይጨነቅም፤ 1 ጊጋባይት ራም ያለው የኪራይ ሰርቨር በቅቶናል።

የድረ ገጽ መቆጣጠሪያው ካልቀየሩት በቀር በ8080 ፖርት (የግንኙነት መግቢያ ቁጥር) ላይ ከሰርቨሩ ከራሱ ብቻ የሚከፈት በመሆኑ፣ እኔም ለውጭ ሳላጋልጠው በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) በኩል እገባበታለሁ። መልኩ ያረጀ ቢሆንም፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት የሚፈራ ባልደረባዬ ማን እንደተገናኘ አይቶ የቆየ ሴሽን (የአንድ ተጠቃሚ ግንኙነት) በአንድ ጠቅታ ሊያቋርጥበት ይችላል። የሚያስቀው ግን የዚሁ ገጽ አስተዳዳሪ ስምና የይለፍ ቃል የሚፈጠረው በትዕዛዝ መስመር መሆኑ ነው።

እኔ የምውለው ቴልኔት በተባለው የጽሑፍ መገናኛ በሚገባበት የትዕዛዝ መስመር ላይ ነው። ፖርቱ 5766 ሲሆን፣ ኮተርን የሚሠራበትን፣ ተርን የተባለውን የማስተላለፊያ ፕሮቶኮል በ2010 የደነገገው ሰነድ ቁጥርም ይኸው ነው። «ፒኤስ» ብዬ ሴሽኖቹን፣ «ፒሲ» ብዬ ቅንብሩን አያለሁ። ሰርቨሩን ሳላቋርጥ የፍጥነት ጣሪያውን መቀየሬ ደስ ቢለኝም፣ እንዲህ የተቀየረው ሁሉ ሰርቨሩ ዳግም ሲነሣ እንደሚጠፋ የተማርኩት ከጠፋብኝ በኋላ ነው፤ አሁን ከሁሉ በፊት የማዋቀሪያ ፋይሉን አስተካክላለሁ። ጣሪያው «ቢፒኤስ» ቢባልም የሚለካው በቢት ሳይሆን በባይት ነው። 512,000 ብዬ ግማሽ ሜጋቢት የከለከልኩ ሲመስለኝ 4 ሜጋቢት ገደማ ፈቅጄ ኖሯል።

ከሁሉ ያደከመኝ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት ነው። ለ90 ቀን የሚያገለግለው ሰርተፊኬት በራሱ ጊዜ ታድሶ በዲስኩ ላይ ቢቀመጥም፣ ኮተርን ግን ሲነሣ ያነበበውን አሮጌውን ይዞ ቀጠለ። ቀኑ ያለፈ ዕለት በሞባይል የገቡት ያለችግር ሲማሩ፣ ዩዲፒ የተባለውን የተለመደ የቪዲዮ ማስተላለፊያ መንገድ ከሚዘጋ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ሆነው በቲኤልኤስ (በሰርተፊኬት በሚረጋገጠው የተመሰጠረ ግንኙነት) ፖርት 5349 የሚያልፉት ብቻ ተቋረጡ። ችግሩ ከነሱ ቢሮ ነው ብዬ ሁለት ሰዓት አባከንኩ። በድረ ገጹም በትዕዛዝ መስመሩም የሰርተፊኬቱ ፋይል መንገድ በትክክል ተጽፎ ስላየሁ ያንን የጤንነት ምልክት አድርጌ ወስጄው ነበር፤ የትኛው ሰርተፊኬት እንደተጫነና መቼ እንደሚያበቃ ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም። አሁን እድሳቱ እንዳለቀ ኮተርን ዳግም እንዲነሣ የሚያደርግ አጭር ስክሪፕት አለኝ፤ የሰርተፊኬቱን የግል ቁልፍም ኮተርን የሚሠራበት ተጠቃሚ ሊያነበው ወደሚችልበት ማውጫ ይገለብጣል። ስክሪፕቱ ሌሊት 9 ሰዓት፣ ትምህርት በሌለበት ጊዜ ይሠራል።