14 ወር ከትንሿ ቶርኖ ጋር

ትንሿን ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረች የምትልጠውን ማሽን፣ ከገዛሁ 14 ወር ሞላኝ። በነዚህ ወራት የሠራሁባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለ 88 ኢንች (ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ) የድሮ ላንድሮቨር ሞዴል፣ መጠኑ የእውነተኛው አንድ ስምንተኛ። ከጎማውና ከወንበሩ በቀር ሁለመናው ብረት ነው። ፕላስቲክ ቆርጦ የብር ቀለም መቀባትም ይቻል ነበር። በዓይን ላይለይ ይችላል። በእጅ ሲነሳ ግን ይለያል። ብረት ይከብዳል፣ ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ በሩ ሲዘጋም ድምፁ ሌላ ነው። እኔ የፈለግኩት ያንን ነው።

ለምን ላንድሮቨር ብሎ ጅማ ያደገ ሰው አይጠይቀኝም። ትርፍ ጎማውን ኮፈኑ ላይ ተሸክሞ፣ እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ ከአጋሮ መንገድ ሲገባ እያየን ነው ያደግነው። የመጀመሪያው ላንድሮቨር የወጣው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የአረብ ብረት እጥረት ስለነበር ገላውን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ይህ ለእኔ ሥራ ትልቅ እፎይታ ሆነልኝ፤ ቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ በእጅ ይታጠፋል።

ማሽኗ «7 በ12» (በኢንች) እየተባለች የምትሸጠው ናት። ስፋቱ እስከ 180 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርስ ነገር ትይዛለች። ያችው ማሽን በተለያየ ቀለም፣ በተለያየ ስም ትሸጣለች። ክብደቷ 40 ኪሎ ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጭና መጣች። ዋጋዋን አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የእኔ ዋጋ ለእናንተ አይጠቅማችሁም።

የምትቀመጥበትን ጠረጴዛ እዚሁ ሰፈር ያለ አናጢ ከወፍራም የዋንዛ ጣውላ ሠራልኝ። በእንጨት ሥራ ጅማ አትታማም። ስስ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ማሽን ትንቀጠቀጣለች፤ ንቅጥቅጡም የምትሠሩት ዕቃ ላይ ይታተማል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

የመጀመሪያውን ወር ማሽኗን ስሠራ ነበር እንጂ በማሽኗ ስሠራ አልነበረም። ከሳጥን ስትወጣ ወፍራም ግራሶ ተለቅልቃ ነው። ግራሶውን በላምባ ሳጥበው ከሥሩ አሸዋ መሰል ደቃቅ ነገር ወጣ። መቁረጫውን የሚሸከሙት ተንሸራታቾች ላልተው ነበር። 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ አሰርኩና ከጫፍ እስከ ጫፍ ላጥኩት። በካሊብሮ ስለካው በሁለቱ ጫፎች መካከል 8 የሚሊሜትር መቶኛ ልዩነት አገኘሁ። ቀጥ ማለት የነበረበት ዘንግ ወደ አንድ ወገን ሾጧል።

እዚሁ ጅማ መርካቶ አጠገብ ቶርኖ ቤት ያላቸው ጋሼ መጥተው አዩልኝ። የእሳቸው ማሽን የእኔን አሥር ያህል ትሆናለች። ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየዳሰሱ «ልጄ፣ ቶርኖ ስትገዛ የሚመጣልህ ግማሹ ነው፤ ግማሹን አንተ ነህ የምትጨርሰው» አሉኝ። የተንሸራታቹን የጎን ብሎኖች አንድ በአንድ፣ ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ አሳዩኝ። የዘንጉን ጫፍ የሚደግፈውን የኋላውን ክፍል አላልተው በእንጨት መዶሻ መታ መታ አደረጉት። ከሦስት ሙከራ በኋላ ልዩነቱ ወደ 1 መቶኛ ወረደ። ማሽን አለኝ ያልኩት ያን ቀን ነው።

አሁን ስለምትችለው ላውራ፤ በዚህ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። በነሐስ ላይ የምትሠራው ሥራ ግሩም ነው። ለምሳሌ የጎማ ዳዶዎቹን እንውሰድ። የእውነተኛው መኪና የጎማ ዳዶ 27 ቁልፍ የሚገባው ነው። ለ8 ሲካፈል 3.4 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ጎማ 5፣ ለአራቱ ጎማዎች 20 ዳዶ ያስፈልጋል። ባለ 4 ሚሊሜትር የነሐስ ዘንግ ለዚህ ልክ ነው፤ ስድስቱ ማዕዘኖች ከዘንጉ ዙሪያ ጋር ሊገጥሙ ለጥቂት ነው የሚቀራቸው። ከማሽኗ ጋር ከመጡት ማርሾች ባለ 60 ጥርሱን መርጬ ከመዞሪያው ዘንግ ጀርባ አሰርኩት። ጥርሱ ውስጥ የምትገባ አንዲት የብረት ምላስ ሠራሁ። 10 ጥርስ ስቆጥር አንድ ጎን፣ ሌላ 10 ስቆጥር ቀጣዩ ጎን። በእያንዳንዱ ጎን ላይ ሞረዱ 0.3 ሚሊሜትር ያነሳል። ሞረዱ እንዳያዘም ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪ ዘንጎች ላይ ይንሸራተታል፤ እነሱንም እሷው ላይ ነው የሠራኋቸው። የመጀመሪያው ዳዶ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የመጨረሻዎቹን 15 በአንድ ምሽት ጨረስኩ። ከዚያ ያንኑ ማርሽ ሳላወልቅ በየ12 ጥርሱ እያቆምኩ ቸርኬው ላይ 5ቱን ቀዳዳ በሳሁ። ቸርኬና ዳዶ ሲገናኙ አንዷም አልሳተችም።

ነሐሱን የማገኘው ከሁለት ቦታ ነው። የሚታየው ክፍል ከአዲስ አበባ ከሚመጣ ዘንግ ይሠራል። የማይታየው ከአሮጌ የቧንቧ ራስ ነው። የቧንቧ ራስ ርካሽ ነው፤ ሲላጥ ግን ከውስጡ የአየር ቀዳዳ ይወጣል። በፊት ከዚሁ የሠራሁት አንድ የፊት መብራት ክፈፍ ሊያልቅ ሲል መሐሉ ላይ ቀዳዳ ብቅ አለበትና ጣልኩት። ክፈፉ 22 ሚሊሜትር ነው፣ የባለ 7 ኢንች መብራት አንድ ስምንተኛ። የሁለት ቀን ሥራ ነበር፤ በጣም ነው ያዘንኩት።

አሉሚኒየም ሌላ ጸባይ አለው። መቁረጫው ጫፍ ላይ እየተጣበቀ ገጹን ይቧጭረዋል። መድኃኒቱ ላምባ ነው፤ በብሩሽ ጠብ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ቸርኬዎቹን ከባለ 60 ሚሊሜትር ዘንግ ያወጣሁት እንዲህ ነው። አረብ ብረትም ትላጫለች፣ ግን በትዕግሥት፤ በአንድ ዙር ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ከጠየቃችኋት መጮህ ትጀምራለች።

የማይሆንላት ቆርጦ መለየት ነው። ወፍራም ዘንግ በቀጭኑ መቁረጫ ለመለየት ስሞክር መቁረጫው ነክሶ ያዘ። ከውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከፕላስቲክ ማርሾቿ የአንደኛው 3 ጥርስ ረግፏል። ምትኩ ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ እስኪደርሰኝ ሁለት ወር ቆሜያለሁ። ብዙ ሰው በብረት ማርሽ ቀይረው ይላል። እኔ አልቀየርኩም። ነገር ሲከር ፕላስቲኩ ቢሰበር ይሻለኛል፤ እሱ ካልተሰበረ የሚጎዳው ሞተሩ ነው። አሁን ሁለት ትርፍ ማርሽ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከ15 ሚሊሜትር በላይ የሆነውንም ዘንግ በሰጌቶ ቆርጬ ፊቱን ብቻ በማሽን አስተካክላለሁ።

ከሁሉም በላይ የፈተነኝ ግን መብራት ነው። ማሽኗ መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሷ አትነሳም፣ መልሳችሁ መጫን አለባችሁ። ይህ ለጣት ጥሩ ነው። ሚያዝያ ላይ ግን መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከልክ በላይ ሆኖ መጣ። እኔ ከሶኬት አልነቀልኳትም ነበር። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ተቃጠለ። እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ ሁለት ትራንዚስተር ቀይሮ አስነሳልኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ስታብላይዘር አልሠራም፤ መብራት ሲሄድም መጀመሪያ የማደርገው ሶኬቱን መንቀል ነው።

የጅማ ክረምት ደግሞ ብረት አይወድም። የመጀመሪያው ክረምት ላይ በላስቲክ ጠቅልዬ አንድ ሳምንት ተውኳት። ስገልጣት ተንሸራታቹ የሚሄድበት የአልጋዋ ሀዲድ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶ አገኘሁ። ላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ነው ያቆየው። አሁን ሥራ ስጨርስ ፍቅፋቂውን እጠርጋለሁ፣ የሞተር ዘይት በስሱ እቀባለሁ፣ በአቡጀዲ ጨርቅ ብቻ እሸፍናለሁ። በዚህ ዓመት ዝገት አላየሁም።

ብርድ ነው ብላችሁ ጋቢ ለብሳችሁ ፊቷ አትቁሙ። ጨርቅ ከያዘች አትለቅም። መነጽርም የግድ ነው፤ የነሐስ ፍቅፋቂ እንደ መርፌ ነው፣ የሚሄድበት አይታወቅም።

ሞዴል ለመጀመር ላሰበ ሰው ግን መጀመሪያ ይችን ግዛ አልለውም። የመኪናው ግማሽ ላሜራ ነው። በሩን፣ ኮፈኑንና ጭቃ መከላከያውን የሠራሁት በዋንዛ ቅርጽ ላይ በመዶሻና በሞረድ ነው፤ ቶርኖ አልነካቸውም። ያንን በእጁ የሞከረ ሰው የትኛው ዕቃ ቶርኖ እንደሚፈልግ ራሱ ያውቀዋል። ሲገዛም ለካሊብሮ፣ ዕቃውን ለሚይዘው ባለ 4 ጥርስ መጨበጫና ለጥሩ መቁረጫ የሚሆን ገንዘብ ያስቀር። ከማሽኗ ጋር የሚመጡት መቁረጫዎች ቶሎ ይደንዛሉ።

አሁን የቀሩኝ ማርሽ መቀየሪያዎቹ ናቸው። ላንድሮቨሩ ሦስት አለው፤ ዋናው፣ ለከባድ ማርሽ ባለ ቀይ ራሱ፣ የፊት ጎማ ለማስገባት ወደ ታች የሚጫነው ባለ ቢጫ ራሱ። ሦስቱንም ሠርቼ ገጥሜያቸው ነበር። ባለፈው እሑድ ዕድሜያቸውን ላንድሮቨር ሲነዱ የኖሩ ጡረተኛ ሾፌር ቤት ወሰድኩት። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። በሩን ከፈቱ፣ መሪውን በአንድ ጣት አዞሩ። ከዚያ ቢጫውን ነኩና «ይሄ ተጭኗል እንዴ? ደረቅ መንገድ ላይ እኮ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ዛሬ ማታ መብራት ካለ 2 ሚሊሜትር አስረዝሜ እንደገና እሠራዋለሁ።