ወንበር ተሸክሞ እናቴን ላስጎበኘው የአራዳ ጊዮርጊስ ልጅ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። መጀመሪያ ግን ትንሽ ልማረር።

እናቴ ዓይኗም ጉልበቷም ደክሟል። የጥንት ዕቃ ማየት ግን ነፍሷ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሙዚየም ወስጃት ነበር፤ የት እንደሆነ ይቅር። አስጎብኚው ከፊት ከፊታችን እየሮጠ ለፈለፈልን። እሷ በደንብ እንዲታያት ወደ መስታወቱ ጠጋ ስትል፣ ጥበቃው "አንቺ! አትጠጊ!" ብሎ ጮኸባት። አንቺ ነው ያላት፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት! እስከ ቤት ድረስ ቃል አልወጣትም። እኔም ዝም ብዬ መውጣቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አራዳ ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን ሙዚየም አሳየኝ ስትለኝ ሰበብ ደረደርኩ። አልሆነልኝም። አንድ ጠዋት ተሳልመን ገባን።

አስጎብኚው ገና ወጣት ነው። እንዳያት ወንበር ፈልጎ አመጣ። "እማማ፣ አረፍ ይበሉ። ዕቃው የትም አይሄድም" አላት። ከዚያ ያንን ወንበር ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው እየተሸከመ አብሯት ዞረ። ዘውዱን፣ መስቀሉን፣ ጃንጥላውን፣ የብራናውን ጥቅልል፣ ሁሉንም ተቀምጣ አየች።

የንግሥት ዘውዲቱና የአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ ልብስ ጋ ስንደርስ ብዙ ቆየን። ሁለቱም ዘውድ የጫኑት እዚሁ ጊዮርጊስ ነው፤ እሷ በ1909፣ እሳቸው በ1923። ስለ ጥልፉ አሠራር አስረድቶን ነበር፤ እኔ አንዱንም አልያዝኩ። እናቴ "ቀለሙ አይለይልኝም" ስትለው ግን ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጫፉ ቀስ እያለ ነገራት። እሷም በተራዋ ጣሊያን በ1929 ካቴድራሉን ሲያቃጥል አያቴ ጭሱን ከሩቅ እንዳየች አጫወተችው። ጎብኚ እየጠበቀው፣ ቁጭ ብሎ ሰማት።

መስቀሎቹ ጋ ደግሞ እናቴ ድንገት ጎንበስ ብላ መስታወቱን ተሳለመች። ክው አልኩ። ያ ጩኸት ትዝ አለኝ። ልጁ ግን እስክትጨርስ እጁን አጣምሮ ቆመ። ወደ በሩ ስንሄድ ዞር ብል፣ በመሐረቡ መስታወቱን ቀስ አድርጎ ሲጠርግ አየሁት። እናቴ አላየችም። እንዳታይም ነው የጠበቀው።

እባካችሁ ሂዱ። አዛውንት ያላችሁ በተለይ ይዛችኋቸው ሂዱ። ካቴድራሉም ክፍት ከሆነ ጫማችሁን አውልቁና ግቡ። ለአድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው ያ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች ታያላችሁ። ስትወጡ ልጁን አመስግኑልኝ። ወንበር ስጠን በሉት፣ ያውቃል።

ስሙን እዚህ አልጽፍም። እናቴ ግን ስመ ክርስትናውን ጠይቃ ይዛለች። ሰሞኑን ማታ ስትጸልይ ብሰማ፣ ከእኔ አስቀድማ እሱን ትጠራለች።