ባለ ረጅም አንገት የሸራ ስኒከር፦ የስምንት ወር አጠቃቀም በሐዋሳ

ባለፈው ጥቅምት የገዛሁትን ጥቁር ባለ ረጅም አንገት የሸራ ስኒከር እስከዚህ ሰኔ ድረስ በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን ተጫምቼዋለሁ። መምህር በመሆኔ የቀኑን እኩሌታ ቆሜ አሳልፋለሁ፤ ከሥራ በኋላም ብዙ ጊዜ ከፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግሬ እወርዳለሁ።

ይህ ቅርጽ የመጣው ኮንቨርስ እ.ኤ.አ. በ1917 ለገበያ ካቀረበውና በቅርጫት ኳስ ሜዳ ስም ካገኘው ኦል ስታር ነው። የእኔው የሌላ አምራች ሥራ ቢሆንም የአፍንጫውን ነጭ ጎማ፣ በውስጥ በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎችና ዝርግ ሶሉን ሳይቀር ያንኑ መልክ ይዟል። በእኔ ዓይን እጅግ ያምራል። ይሁን እንጂ ቁመቴ አጠር ያለ ስለሆነ፣ ከነጣ ጂንስ ጋር ስለብሰው ጥቁሩ አንገት እግሬን ከመሀል የቆረጠው ይመስላል፤ ጠበብ ያለና ጠቆር ያለ ሱሪ ለብሼ ጫፉ የጫማውን አንገት በትንሹ እንዲነካ ሳደርግ ግን ይህ ይጠፋል።

ምቾቱ ሌላ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ማሰሪያውን በመጨረሻው ቀዳዳ ማስገባት ስተው፣ ሸራውም እየለሰለሰ ሲሄድ ቁስሉ ዳነ። ያልተፈታው ችግር ሶሉ ነው፤ ዝርግ በመሆኑ ውስጠ እግርን ደግፎ አይዝም፣ አራት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ስወጣም ውስጠ እግሬን ያቃጥለኛል። ወፈር ያለ የውስጥ ሶል ብጨምርበት ሕመሙ ቀለለ፣ ነገር ግን ጣቶቼ ተጨናነቁ፤ 41 ከምገዛ 42 መግዛት ነበረብኝ። ረጅሙ አንገት ቁርጭምጭሚትን ከመታጠፍ ይጠብቃል የሚባለውንም አልተቀበልኩትም፤ ከታቦር ተራራ ስወርድ እግሬ ድንጋይ ላይ ሲታጠፍ ለስላሳው ሸራ አብሮ ከመታጠፍ በቀር ያደረገው ነገር የለም።

በበጋው ሙቀት ከቆዳ ጫማ ይልቅ ቀለል ይላል። በዝናብ ጊዜ ግን ሸራው ውሃ ይጠጣል፣ በአየር ቀዳዳዎቹም ይገባል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቄበት ጥላ ውስጥ ባስቀምጠውም ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። በወሩ 19 ገብርኤል ስሳለምም በር ላይ አውልቆ መልሶ ማሰሩ ጊዜ ይወስዳል፤ ቤተ ክርስቲያን አዘውትሮ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

የአፍንጫው ጎማ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ሲታሸ እንደ አዲስ ይነጣል። የሚደክመው ጫማው ሲራመዱ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ በቀኝ እግር ከትንሿ ጣት አጠገብ ጎማው ከሸራው ተላቆ የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሮ ነበር። ጫማ ሰፊው በማስቲሽ አጣብቆ ዙሪያውን በወፍራም ክር ሰፋልኝ፤ ሁለት ወር ሞላው፣ አልተከፈተም። የግራው በዚያው ቦታ አሁን መላቀቅ ጀምሯል።